በአንድ ጉባኤ የአንድ ሰው ሦስት ስም

በአቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካ ሠራተኞችም ሆነ በገበያ ነጋዴዎች ዘንድ ዕቁብ የቆየ ልማድ ነው። አቅም ያለው ሰው በአንድ ዕቁብ ሁለት ዕጣ ሊገባ ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን በየጊዜው የሁለት ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ሁለቱም ዕጣዎች በስሙ ስለሚመዘገቡ የማን እንደ ሆኑ ዕቁብተኛው ሁሉ ያውቃል። ከመካከላቸው አንዱ ስሙን እየለዋወጠ ሦስት ሰው መስሎ ቢመዘገብና የአንድ ሰው ብቻ ቢከፍል፣ የዕቁቡ ዳኛ ዝም ብሎ የሚያየው ይመስላችኋልን?

በዕቁብ የማይታሰበው ይህ ነገር በቴሌግራምና በፌስቡክ በየቀኑ ይፈጸማል። የቴሌግራም አካውንት የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው ሁለት አካውንት ለመክፈት ብዙ አይደክምም። መተግበሪያውም በአንድ ስልክ ላይ እስከ ሦስት አካውንት ያለ ክፍያ ጎን ለጎን እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ለመሻገር ጣት ማሳረፍ ብቻ ይበቃል።

ብዙ ስም መያዝ በራሱ ነውር ነው አልልም። ያገራችን ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ይዞ ኖሯል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ስሙ ሁለት ቢሆንም ባለቤቱ አንድ መሆኑ የተሰወረ አልነበረም። ደራሲም በብዕር ስም ይጽፋል። ዛሬም አንድ ነጋዴ ለሱቁ አንድ፣ ለቤተ ሰቡ ሌላ አካውንት ቢኖረው፣ ወይም አንዲት ልጅ ለደኅንነቷ ሠግታ በሌላ ስም ብትጽፍ ማንንም አልበደሉም። በደሉ የሚጀምረው የአንድ ሰው ሁለት ስሞች በአንድ ጉባኤ ተገኝተው እንደ ሁለት ሰው ሲነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሲያደንቅና ሁለቱም ድምፅ ሲሰጡ ነው። አሜሪካዊው ባለቅኔ ዋልት ዊትማን የግጥም መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተመ ጊዜ፣ ስሙን ሳይገልጥ መጽሐፉን የሚያወድስ ሐተታ ራሱ ጽፎ አውጥቷል። ግጥሙ ግሩም ስለ ነበረ ዛሬ በፈገግታ ይታለፍለታል፤ ያን ጊዜ ግን አንባቢው የሌላ ሰው ፍርድ ያነበበ መስሎት ነበር።

የክፍላችሁ ተማሪዎች በቴሌግራም የሚወያዩበት ቡድን አለ እንበል። አንዲት ተማሪ ሐሳቧን ትጽፋለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሦስት ስድብ ይደርሳታል፤ ስሞቹ የተለያዩ፣ ፎቶግራፎቹም የተለያዩ ናቸው፤ ተሳዳቢው ግን አንድ ነው። ልጅቱ ይህን በምን ታውቃለች? ክፍሉ በሙሉ የጠላት ይመስላታል፤ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ያስጠላታል። ጓደኞቿም የብዙዎቹ አሳብ ይህ ነው ብለው አፋቸውን ይይዛሉ። አንድ ሰው በገዛ ስሙ ቢሳደብ የአንድ ሰው ስድብ ነው፤ ተገቢ መልስ ይሰጠዋል። በሦስት ስም ሲሳደብ ግን ስድቡ የጉባኤው ፍርድ መስሎ ስለሚታይ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል።

ነገሩ በአገር ደረጃም ታይቷል። ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም ከጠቅላላው ምርጫ 5 ቀን አስቀድሞ፣ የፌስቡክ ኩባንያ በኢትዮጵያ 65 የፌስቡክ አካውንቶችን፣ 52 ገጾችን፣ 27 ቡድኖችንና 32 የኢንስታግራም አካውንቶችን ማስወገዱን አስታወቀ። እነዚህን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው ግለሰቦች መሆናቸውን፣ የሐሰት አካውንቶችን እንደ ተጠቀሙና የአገር ውስጥ አንባቢን ዒላማ እንዳደረጉም ኩባንያው ገልጿል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኩባንያው እርምጃ የሚወስደው የተጻፈውን ሐሳብ መርምሮ ሳይሆን የጸሐፊዎቹን አሠራር ተመልክቶ ነው፤ ይህም በእኔ አስተያየት ትክክለኛ መለኪያ ነው። መልካም ሐሳብም ቢሆን ሐሰተኛ ደጋፊ ሊሰበሰብለት አይገባም።

«ሌላው በሦስት ስም ሲመጣ እኔ በአንድ ስም ቀርቼ ልሸነፍ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ሁሉም እንደ እርሱ ቢያደርግ 40 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል 120 ድምፅ ይሰጣል፤ ቁጥሩም ለማንም ምንም አይነግረውም። በቡድናችሁ የተሰጠ ድምፅ ካጠራጠራችሁ፣ የክፍሉ አለቃ በማግሥቱ ከትምህርት በፊት እጅ አስወጥቶ እንዲቆጥር ጠይቁት።