የሕዝብ መሬት፣ የግል ኪሳራ

በምዕራብ አሜሪካ በርካታ ከብት አርቢዎች ኑሯቸው የተመሠረተው በፌዴራል መንግሥት የግጦሽ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንዲት ላም ከነጥጃዋ ለአንድ ወር የምትግጥበት ክፍያ 1.35 ዶላር ብቻ ነበር። ርካሽ ሣር ግን ከአደጋ አያድንም።

የኮሎራዶ መራጮች በ2020 ተኩላ ወደ ግዛታቸው እንዲመለስ በጠባብ ልዩነት ወሰኑ፤ በ2023 መገባደጃም የመጀመሪያዎቹ 10 ተኩላዎች ተለቀቁ። ድምፁ ያመዘነው በከተሞች ሲሆን ጉዳቱ የደረሰው በገጠር ነው።

ግዛቲቱ በተኩላ ለተገደለ አንድ ከብት እስከ 15,000 ዶላር ትክሳለች። ካሣ ግን ያለፈውን ይቆጥራል እንጂ የሚመጣውን አይከላከልም። መንጋን ከተኩላ ጎሬ ለማራቅ በሌላ ስፍራ ውኃ መገኘት አለበት፤ ድርቅ የሚነጥቀውም ይህንኑ አማራጭ ነው። ተኩላንና ውኃን ነጣጥሎ የሚያይ ፖሊሲ አርቢውንም አውሬውንም አይታደግም።