«ካርቱን ይመስላል» ስድብ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2008 የዋቾውስኪ እህትማማቾች «ስፒድ ሬሰር» ሲኒማ ቤት ሲገባ ብዙ ሃያሲያን ተረባርበው ቀበሩት። ቀለሙ ዓይን ያሳምማል፣ መኪኖቹ የመሬት ስበት የሚባል ነገር አያውቁም፣ ባጠቃላይ ካርቱን ይመስላል ተባለ። ያ ፍርድ ግፍ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከካርቱን የተወለደ ፊልም ካርቱን መሰልክ ተብሎ የሚከሰሰው በየትኛው ችሎት ነው?

ምንጩን እንይ። ታትሱዎ ዮሺዳ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በ1962 ያቋቋመው ታትሱኖኮ የተባለ የጃፓን ስቱዲዮ፣ «ማክ ጎ ጎ ጎ»ን ከ1967 እስከ 1968 በፉጂ ቴሌቪዥን በ52 ክፍል አቀረበ። በአሜሪካ ፒተር ፈርናንዴዝ ንግግሩን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶት «ስፒድ ሬሰር» ተባለ፤ ብዙው ዓለም የሚያውቀውም በዚሁ ስም ነው። እንደ ዘመኑ የቴሌቪዥን አኒሜ ሁሉ ሥዕል የሚቆጥብ ሥራ ነበር። የነጂው ፊት ሳይነቃነቅ ከጀርባው መስመሮች እየተተኮሱ ያልፋሉ፤ ተመልካቹ ግን ትንፋሹን ይውጣል። «ማክ 5» የምትባለው ነጭ መኪና መሪዋ ላይ ያለው ቁልፍ ሲነካ ከሥሯ ክሪክ ይወጣና ገደል ትዘልላለች፤ ሌላው ሲነካ መጋዝ ከፊቷ ብቅ ብሎ ጫካውን እየቆረጠ መንገድ ያወጣላታል። ያን ሁሉ ፍጥነት የሰጣት የሰዓሊው እጅ ነው። ያንን እጅ ያላከበረ ሰው መኪናዋን ባይነካት ይሻላል።

በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ነኳት። የ1993ቱ የአሜሪካ ተከታታይ መኪናዋን ወስዶ ጥድፊያዋን ጥሏት ሄደ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልልም።

ዋቾውስኪዎች ግን ገብቷቸዋል። ተዋንያኑን በርሊን አጠገብ ባለው የባቤልስበርግ ስቱዲዮ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት አቆሙ። ቅርቡንም ሩቁንም እኩል አጥርተው፣ የድሮ አኒሜ ሠሪዎች ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የሳሉትን እንደሚደራርቡት ደራረቡት። የአንድ ሰው ፊት ስክሪኑን አቋርጦ ሲያልፍ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዘመን ከኋላው ይከተላል። በ1977 ያረፈው ዮሺዳ ይህን አለማየቱ ያንገበግበኛል።

ስሜት የለውም ያሉትም አሉ። የመክፈቻውን ውድድር ምን ሆነው ነው ያዩት? ወጣቱ ነጂ ስፒድ ሁሉንም ጥሎ ወጥቷል፤ የሚሽቀዳደመው ሞቷል ከተባለው ታላቅ ወንድሙ ከሬክስ ሰዓት ጋር ነው። የሬክስ መኪና እንደ ጥላ አጠገቡ ትሮጣለች፤ ያለፈው ውድድርና የአሁኑ አንድ አስፋልት ይጋራሉ። ክብረ ወሰኑ እጁ ሊገባ ሲል ልጁ የነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ያደርጋል። ያሸንፋል፣ የወንድሙን ሰዓት ግን አይነካም። ማንም ቆሞ አያብራራም። የሚወዱት ሰዎች ግን ያደረገውን አውቀዋል። የአንድ ቤት ሐዘን በቀለምና በፍጥነት ብቻ እንዲህ የተነገረበት ሌላ የእሽቅድምድም ፊልም ካለ ያምጡልኝ!

ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ይህ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ95 ሚሊዮን ያነሰ ሰበሰበ። በአንጻሩ በ2019 ዲዝኒ ቀድሞ በሥዕል የሠራውን «ዘ ላየን ኪንግ»ን በኮምፒውተር እውነተኛ አንበሳ አስመስሎ ሠራው፤ አባቱ የሞተበት ደቦል ፊት ላይ የምናነበው ሐዘን አጣን፣ እውነተኛ አንበሳ እንደ ሰው አያለቅስምና። እሱ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከሁለቱ የበደለው የቱ ነው? በሥዕሉ አፍሮ የሸፈነው፣ ወይስ በሥዕሉ የኮራው?

የመጨረሻውን ግራንድ ፕሪም ልጥቀስ። የስፒድ መኪና ተመትታ ትራኩ መሃል ሞተሯ ጠፍቷል፤ ሌሎቹ እያፏጩ ያልፉታል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ያንኑ የ1967ቱን ክሪክ ይለቅቀዋል። መኪናዋ ትዘልላለች፣ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ትራኩም ተመልካቹም እየቀለጡ ሄደው ቀለምና መስመር ብቻ ይቀራሉ፤ ዮሺዳና ወንድሞቹ በትንሽ ገንዘብ፣ በወረቀት ላይ ያደርጉት የነበረው ማለት ነው። ሃያሲያኑ ይህን ነው ትርምስ ብለው የጻፉት። ጽሑፋቸውን መልሰው ያንብቡት፤ ከዚያ ፊልሙን እንደገና ይዩት።