መኪና ሠሪዎች ታማኝ ደንበኛቸውን ይሰማሉ?

አንድ የድሮ ተማሪዬ በቀደም ኢንቦክስ ላይ ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እነዚህ የስፖርት መኪና ፋብሪካዎች ዕድሜ ልኩን የእነሱን መኪና የነዳ ሰው ቅር ሲለው እውነት ይሰሙታል? ወይስ ከሸጡ በኋላ ቻው ነው?» ይላል። እኔ እንኳን የስፖርት መኪና ልነዳ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ግን ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምከታተለው በአጭሩ መልሼለት ማለፍ አልሆነልኝም።

መልሴ ይሄ ነው፦ ይሰማሉ። ግን ዘግይተው ነው፤ ያውም ኪሳቸው ሲነካ።

ፎርድን እንይ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሙስታንግን በማዝዳ ላይ በተመሠረተ፣ በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና ሊተካው አስቦ ነበር። ወሬው በ1987 ሲወጣ የሙስታንግ ወዳጆች ኩባንያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ያኔ እንደዛሬው ስልክ አውጥቶ መለጠፍ የለም፤ ሰው ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ ነው የተቆጣው! ፎርድም አዲሱን መኪና ፕሮብ የሚል ስም ሰጥቶ በ1988 ለብቻው አወጣው፤ ሙስታንግ በኋላ ጎማው እየተገፋ ቀጠለ። ፕሮብ ከገበያ ከወጣ ቆየ፤ ሙስታንግ አሁንም ይሸጣል። ፎርድ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ሊጥል ለጥቂት ነው የተረፈው።

ፖርሽ ደግሞ በ2013 አዲሱን 911 ጂቲ3 ያለ ማንዋል አመጣው፤ አውቶማቲክ ብቻ። ምክንያቱ አውቶማቲኩ ከሰው እጅ ይፈጥናል የሚል ነው። እውነትም ይፈጥናል። ነባሮቹ ባለቤቶች ግን የሚፈልጉት ሰከንድ አልነበረም፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን በራስ እጅ ማስገባትን ነበር። በ2016 ፖርሽ ማንዋል ብቻ የሆነውን 911 አር በ991 ፍሬ ብቻ ሠራ። ወዲያው በሁለተኛ እጅ ገበያ ከእጥፍ በላይ ይጠየቅበት ጀመር። በ2017 ማንዋሉ ወደ ጂቲ3 ተመለሰ፤ ያውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ። እንደኔ እንደኔ፣ ለዓመታት ቅሬታ ያልከፈተውን በር ገበያው በወራት ከፈተው።

ታማኝ ደንበኛ ሁሌ ልክ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፖርሽ በ2002 ካየንን ሲያወጣ ብዙ ነባር ወዳጆቹ «ስፖርት መኪና ሠሪ እንዴት የቤተሰብ መኪና ይሠራል?» ብለው ጮኸው ነበር። እንኳንም አልሰማቸው! ካየን በደንብ ተሸጠ፤ ትርፉም ለሚወዷቸው የስፖርት መኪኖች ጭምር ስንቅ ሆነ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ባለቤቱ መኪናው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ኩባንያው ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አያውቅም። ሙስታንግና ጂቲ3 ላይ የተነሳው ጩኸት «የመኪናውን ማንነት አትውሰዱብን» የሚል ነበር፤ እዚህ ላይ ሊሰሙት ይገባል። ካየን ላይ የተነሳው ግን «ሌላ ነገር አትሥሩ» የሚል ነው። ይሄ ምክር ነው እንጂ መብት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ራሴንም ታዘብኩ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ትምህርቱ ፈጠነብን» ሲሉኝ ከርመው እኔ የሰማኋቸው የፈተና ውጤታቸው ሲወርድ ነው። ማለትም እንደ ፖርሽ ነበርኩ! እና አንድ ነገር ገብቶኛል፦ የሚያማርር ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሄደው ነው።

እናንተስ፣ ለዓመታት የገዛችሁት ዕቃ ተለውጦባችሁ ተናግራችሁ የሰማችሁ አለ? እስቲ ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ።