የመኪናዎ የታይሚንግ ቺንጋ መቼ ተለወጠ?

ልጅ የወለደች እናት የክትባት ካርድ ትይዛለች። ቀኑ ሲደርስ ሕፃኑን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች እንጂ በሽታው እስኪይዘው አትጠብቅም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ውድ ንብረት የሆነው አሮጌው መኪና ግን እንዲህ ያለ ካርድ የለውም። የዛሬው ዓምዳችን መካኒኮች «የታይሚንግ ቺንጋ» ስለሚሉት ዕቃ ያወጋል።

ውድ አንባቢያችን፣ «ይህ የባለቤቴና የመካኒኩ ጉዳይ ነው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቺንጋው በተበጠሰ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለዓውደ ዓመት ከተቀመጠው ነው። መኪናዋን ራሷ የምትነዳ፣ ራሷም የምታሠራ እህትም ዛሬ ጥቂት አይደለችም።

ለመሆኑ ይህ ቺንጋ ምንድን ነው? ከጎማና ከጠንካራ ክር የተሠራ፣ ጥርስ ያለው ቀበቶ ነው። ከታች ያለው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ከላይ ያለው ካምሻፍት አንድ ጊዜ እንዲዞር ያደርጋል፤ በዚህም ቫልቮቹ በየሰዓታቸው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው።

ቺንጋው ሲበጠስ ይህ ሁሉ በቅጽበት ይቆማል። በአንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 4ኤ-ኤፍኢ በተባለው የኮሮላ ሞተር፣ መኪናው ይቆማል እንጂ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም። በሌሎች፣ በተለይም በናፍጣ በሚሠሩት፣ ፒስተኑ ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ያን ጊዜ ቴስታታ ይወርዳል፣ ቫልቭ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ሞተሩ በሙሉ ይታደሳል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ሞተር ድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ከአንድ ሁለት ጊዜ መርገጥ በኋላ ይጠነክራል። ልጆች ጭኖ የጣርማ በርን ወይም የዓባይን ቁልቁለት ለሚወርድ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ታዲያ መቼ ይለወጥ? ልኩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ይቀድማል። ለብዙዎቹ አሮጌ የጃፓን መኪናዎች 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ ይህን የሚያስታውስ መብራት አለ። ይሁን እንጂ መብራቱ የሚበራው ኪሎ ሜትር ቆጥሮ እንጂ የቺንጋውን መድከም አይቶ አይደለም።

ጎማ ደግሞ በመንገድ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ስለሆነም መኪናው ብዙ ባይሄድም ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቺንጋውን መለወጥ ይመረጣል። በከተማ መጨናነቅ ቆሞ የሚሠራ ሞተርም፣ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ፣ ቺንጋውን ማዞሩን አያቋርጥም። ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ የሚነካው ከሆነ ቀኑን መጠበቅ አይገባም።

አንዳንዶች «ሲጮህ እንለውጠዋለን» ሲሉ ይሰማል። የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚታየው የዲናሞ ቺንጋ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ በክዳን ተሸፍኖ የሚሠራ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይበጠሳል። እንደ ቪትስ ባሉ መኪናዎች በቺንጋ ፋንታ ካቴና ስላለ እሱ ሲላላ መንኳኳቱ ይሰማል።

ያገለገለ መኪና የገዙ እንደሆነ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ማመን ያስቸግራል። የተለወጠበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ «አልተለወጠም» ብሎ መቁጠር ይበጃል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ጠቀሜታ አለው።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የሚከተሉትን ያስታውሱ፦

1. የመኪናው ሞተር በቺንጋ ወይስ በካቴና እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቁ።

2. የቺንጋው መወጠሪያ ኩሺኔታ አብሮ ይለወጥ። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ እሱም ይታይ። ፈቶ መግጠሙ ብዙ ሥራ ስለሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ማስከፈት ኪሳራ ነው።

3. አሮጌውን ቺንጋ ይረከቡ። የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በቤት ወጪ መዝገብዎ ላይ ይጻፉ፤ በሞተሩ ክዳን ሥርም ወረቀት ያስለጥፉ።

4. መኪናው በመንገድ ላይ ድንገት ከጠፋና ቺንጋው ተበጥሷል ብለው ከጠረጠሩ ደጋግመው ቁልፍ አያዙሩ፤ መንገደኛ ጠርተውም አያስገፉ። ያልተጎዳውን ቫልቭ የሚጎዳው ይኸው ነው።

ለቺንጋው የሚወጣው ገንዘብ ሞተር ለማሳደስ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ «የመኪናችን ቺንጋ መቼ ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም እርስ በርሱ ከተያየ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው።