የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ

የእጅ ሙያ ዓምድ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ መጥረቢያ እጀታ አገባብ አንብበናል። ዛሬ የምናነበው ስለ ውኃ ፓምፕ ነው። እጀታው በእጅ እየተነዘነዘ ከጉድጓድ ውኃ ስለሚያወጣው ፓምፕ ማለታችን ነው።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ በየመንደሩ ስንዘዋወር ቆመው የቀሩ ፓምፖች እናያለን። ጉድጓዱ ውኃ አለው። ብረቱም ደህና ነው። ግን ውኃ አይወጣም። «ምን ሆኖ ነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ፓምፑ ሞተ» ይሉናል። ብዙውን ጊዜ ግን ፓምፑ አልሞተም። ውስጡ ያለች አንዲት ትንሽ ጎማ ናት ያለቀችው።

ጎማዋ በመዳፍ ውስጥ ትያዛለች። እሷ ስታልቅ ግን ሰው ሁሉ ወደ ወንዝ ይመለሳል። የወንዝ ውኃ ተቅማጥ፣ አሜባና ጃርዲያ ያመጣል። ሕፃናትን ይጎዳል። ውኃ ቀጂዎቹ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ወንዙ ሩቅ ሲሆን ልጃገረዷ ከትምህርቷ ትቀራለች። እናቲቱም የማታ ትምህርት ለመምጣት ጉልበት አይኖራትም። እንግዲህ የአንዲት ጎማ ነገር ቀላል አይደለም።

ጎማዋ ምን ትሠራለች?

ጤና ጣቢያ መርፌ ሲሰጥ አይታችኋል። የመርፌው መግፊያ ጫፉ ላይ ጎማ አለው። መግፊያው ወደ ኋላ ሲሳብ መድኃኒቱ ይገባል። ጎማው ባይኖርስ? አየር በጎን ያልፋል። መድኃኒቱም አይሳብም።

ፓምፑም እንዲሁ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ረጅም ቱቦ አለ። በቱቦው ውስጥ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተያይዘው ይወርዳሉ። በመጨረሻው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒስቶን የሚባል ክፍል አለ። ጎማዋ በፒስቶኑ ወገብ ላይ ትታሰራለች። እጀታውን ወደ ታች ስንጫን ፒስቶኑ ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ ያለውን ውኃ ተሸክሞ ያወጣል። ጎማዋ ካለቀች ግን ውኃው በጎን ሾልኮ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ይደክማል፤ ጀሪካኑ አይሞላም።

ከፒስቶኑ በታች፣ ከቱቦው ግርጌ፣ ሌላ ክፍል አለ። የታችኛው ቫልቭ ይባላል። ሥራው ወደ ቱቦው የገባው ውኃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። እሱም የራሱ ጎማዎች አሉት።

ስለየትኛው ፓምፕ ነው የምንናገረው?

አፍሪዴቭ ስለሚባለው ነው። በአገራችን ገጠር በብዛት የተተከለ ፓምፕ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በማላዊ ነው። ቀጥሎ በኬንያ ተሻሻለ። ያ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ከ1981 እስከ 1990 ያለውን ዘመን የመጠጥ ውኃ ዐሥር ዓመት ብሎ የሰየመበት ነው። የሠሪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ፓምፑን የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው። ስለዚህ ብሎኖቹ በአንድ መፍቻ እንዲፈቱ አደረጉ። ዘንጎቹም በእጅ እንዲለያዩ አደረጉ። ይህ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሠራል።

ኢንዲያ ማርክ 2 የሚባል ሌላ ፓምፕም አለ። የእሱ ቱቦ ብረት ነው። ጎማውን ለመለወጥ ቱቦው ራሱ በሙሉ መውጣት አለበት። ያ ከባድ ሥራ ስለሆነ ባለሙያ ይጠራ።

ማለቋን በምን እናውቃለን?

በመቁጠር ነው! ቁጥር የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

1ኛ. የጀሪካን ቆጠራ። ጎማው አዲስ ሳለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት እጀታው ስንት ጊዜ ተነዘነዘ? ቁጠሩ። በደብተር ጻፉ። በየወሩ መልሳችሁ ቁጠሩ። ለምሳሌ በመስከረም 50 ጊዜ ነበር እንበል። በኅዳር 65 ሆነ። በጥር 90 ሆነ። ታዲያ ይህ ምን ይነግረናል? ጎማዋ እያለቀች ነው።

2ኛ. የግማሽ ሰዓት ሙከራ። ውኃው በደንብ እስኪወጣ ንዘንዙ። ከዚያ ፓምፑን ሳትነኩ 30 ደቂቃ ተዉት። እንደገና ንዘንዙና ቁጠሩ። ከ5 ጊዜ በፊት ውኃ ከወጣ ደህና ነው። ከ5 በላይ ከፈጀ ውኃው ወደ ታች እየሸሸ ነው። የዚህ ጥፋት ብዙ ጊዜ የታችኛው ቫልቭ ነው። አንዳንዴም ቱቦው ራሱ ተሰንጥቆ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። በበጋ የጉድጓዱ ውኃ ራሱ ይጎድላል። ውኃው ሲወጣ ቆይቶ ድንገት አየር ብቻ ከተነፈሰ፣ ጥቂት ቆይቶም ተመልሶ ከመጣ፣ ጎማዋን አንወቅሳት። የጎደለው ጉድጓዱ ነው።

አለዋወጡ

መጀመሪያ ለመንደሩ ሰው እንንገር። ሁሉም ከዋዜማው ውኃ ቀድቶ ያስቀምጥ። ሥራው ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ለፓምፑ የተሰጠው መፍቻ፣ ዘንግ መያዣውና ቫልቭ ማውጫው ይቅረቡ። አዲሶቹ ጎማዎችም በእጅ መኖራቸው ይረጋገጥ። ጎማው ሳይገዛ ፓምፑ አይፈታ!

እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ንጹሕ ላስቲክ እናንጥፍ። ዘንጎቹ መሬት ላይ አይጋደሙ። ዘንጉ የነካው ቆሻሻ ሁሉ ነገ የምንጠጣው ውኃ ውስጥ ይገባልና።

አንድ። የፓምፑን ክዳን የያዘውን ብሎን ፈትተን ክዳኑን እናንሣ።

ሁለት። እጀታው ከዘንጉ ጋር የተያያዘበትን ብሎን እናላላ። ከመፍታታችን በፊት ግን ዘንጉን በመያዣው እንያዘው። ይህ እጅግ ዋና ነገር ነው። ዘንጉ ካመለጠ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እጀታውን እናውጣ።

ሦስት። ዘንጎቹን ቀስ ብለን ወደ ላይ እንሳብ። አንዱ ዘንግ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል። መጋጠሚያው ብቅ ሲል የታችኛውን ዘንግ በመያዣው እንያዝ። ከዚያ የላይኛውን እንለይ። አንዱ ሰው ሳይዝ ሌላው አይፈታም። ዘንጎቹን በወጡበት ተራ ላስቲኩ ላይ እንደርድር።

አራት። በመጨረሻው ዘንግ ላይ ፒስቶኑ ይመጣል። ጎማዋን እንመልከት። ከንፈሯ ሳስቷል? ተቀዷል? ደርቃ ጠንክራለች? እንግዲያው ጊዜዋ አልፏል።

አምስት። አሮጌዋን ጎማ በጣት ወይም በደነዘ እንጨት እናውልቅ። ቢላዋ አንጠቀም፤ ፒስቶኑን ይጭራል። የጎማዋን ማስቀመጫ በንጹሕ ውኃ እንጠብ። አሸዋ ከቀረ አዲሷን ጎማ ይበላታል።

ስድስት። አዲሷን ጎማ እናስገባ። ጎማዋ በአንድ በኩል ክፍት አፍ አላት። አፏ ወደ ላይ ይሁን! ለምን? ከላይ ያለው ውኃ ወደ አፏ ገብቶ ከንፈሯን ይከፍታል። ከንፈሯም ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ተገልብጣ ከገባች ግን ውኃ ታሳልፋለች። ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሰባት። በፒስቶኑ ውስጥ ያለችውን የቫልቭ ጎማም እንይ። ካረጀች እሷም ትለወጥ። የግማሽ ሰዓቱ ሙከራ የታችኛውን ቫልቭ ከከሰሰ፣ ማውጫውን ከዘንግ ጋር አያይዘን እናውርድና ቫልቩን ይዘን እናውጣው። የቫልቩን ጎማና ውጪውን የከበበውን ቀለበት ጎማ እንለውጥ። መልሰንም በቦታው እስኪቀመጥ በዘንግ እንግፋው። ይህ የሚሆነው ፒስቶኑ ከመመለሱ በፊት ነው።

ስምንት። ዘንጎቹን በተራቸው እናውርድ። እጀታውን እንግጠም። ብሎኖቹን እናጥብቅ። ክዳኑን እንዝጋ። የመጀመሪያው ውኃ ይደፋ። ጥርት እስኪል ድረስ አይጠጣ። በክሎሪን ስለማከም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንጠይቅ።

በመጨረሻ ጀሪካኑን ሞልተን እንቁጠር። ቁጥሩንና ቀኑን በደብተር እንጻፍ።

ሦስት አታድርጉዎች

የመኪና ጎማ ወይም የነጠላ ጫማ ቆርጣችሁ አታስገቡ። ልኩን አይጠብቅም። ውኃ ያሳልፋል፤ የፓምፑንም ውስጥ ይፍቃል።

ቅባት ወይም ዘይት አትቀቡ። የዚህ ፓምፕ መዘወሪያዎች ፕላስቲክ ስለሆኑ ቅባት አይፈልጉም። ዘይቱ ውኃውን ያበላሻል።

ቱቦው ክፍት ሆኖ ሳለ ልጆችን አታስጠጉ። አንድ ጠጠር ከገባ ሌላ ሥራ ያመጣል። ለምሳ ከሄዳችሁም አፉን በንጹሕ ነገር ክደኑት።

ገንዘቡስ ከየት?

«ፓምፑ ሲበላሽ እናዋጣለን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አይበጅም። ፓምፑ ቆሞ መዋጮ እስኪሰበሰብ፣ ጎማው ከከተማ እስኪመጣ፣ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚጠጣው የወንዝ ውኃ ነው። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። መዋጮው ፓምፑ ደህና ሳለ ይሰብሰብ። አንድ ሙሉ የጎማ ስብስብ ተገዝቶ በውኃ ኮሚቴው ሣጥን ይቀመጥ። ጎማዎቹ ባይቀደዱም በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባቸዋል።

ሲገዛም የፓምፑን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ። አሮጌዋንም ጎማ ለናሙና ያዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በደረሰኙ ላይ ምን እንደተጻፈ ራሳችሁ አንብቡ። ዱሮ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር። አሁን ግን ታነባላችሁ።

ሴቶችስ?

አንዳንድ ቦታ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ሲባል እንሰማለን። እስቲ እናስብ። በፓምፑ ሁልጊዜ የሚጠቀመው ማን ነው? እጀታው መክበዱን፣ ውኃው መቅጠኑን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? እናቶችና እኅቶች ናቸው። ሥራው የሚፈልገው ጥንቃቄና ሥርዓት ነው። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ካሉ፣ መፍቻውም በእጃቸው ካለ፣ ጎማዋ ፈጽማ ሳታልቅ ትለወጣለች።

ጎማው ተለውጦም ውኃው ካልበረከተ፣ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት እናመልክት። ስንሄድም ደብተሩን እንያዝ። «ውኃው አነሰ» ከማለት «በመስከረም 50 ነበር፣ ዛሬ 90 ሆነ» ማለት ይሻላል። ባለሙያው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃልና።

አዲስ ቃላት

ፒስቶን — በቱቦ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ ውኃ የሚያወጣ ክፍል።
ቫልቭ — ውኃን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር።
ናሙና — ለማሳያ የሚያዝ ነገር።

ጥያቄዎች

1. የጎማዋ አፍ ወደየት መሆን አለበት? ለምን?
2. የእናንተ ፓምፕ ጀሪካን የሚሞላው በስንት ጊዜ ነው? ቆጥራችሁ ጻፉ።
3. የጎማ መግዣ ገንዘብ መቼ ቢሰበሰብ ይሻላል?

መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። በክፍል አብረን እናነበዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፓምፑ አጥርና ስለ ፍሳሹ መውረጃ እንጽፋለን። ደህና ሰንብቱ።