የበር ካሜራ ይጠብቅ እንጂ በመንገደኛ ላይ አይጩህ!



ማኅበራችን በር ላይ ካሜራ መስቀልን አይቃወምም። የቤቱ ባለቤት ለሥራ ጅዳ ወይም ቤሩት ሄዶ ግቢው ለአሮጊት እናትና ለሁለት ተከራይ ተማሪዎች ሲተው፣ ዓይን የሚሆን ነገር እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። የምንቃወመው ሌላ ነው። ካሜራው የሚናገርበት ትንሽ ስፒከር አልበቃ ብሎ፣ ከድምፅ መውጫው ሽቦ ስቦ፣ በአምፕሊፋየር አጉልቶ፣ አጥር ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ወደ መንገድ ማዞር እየተለመደ መጥቷል። ይህ ጥበቃ አይደለም፤ ረብሻ ነው!

እስቲ ነገሩን እንየው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ በስልኩ ሰው ያያል። «አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ? ከበሩ ራቅ በል!» ይላል። የተባሉት ከለቅሶ የሚመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሞ ከአጥሩ ሥር አረፍ ማለታቸው ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ አንቱ ነው የሚባለው፣ ያውም ከመቀመጫ ተነሥቶ። ፊቱ የማይታይ ድምፅ መንደሩ ሁሉ እየሰማ ሲያዋርዳቸው መልስ የሚሰጡት ለማን ነው? ለግንቡ?

አንዳንዱ መሣሪያማ ጌታውንም አይጠብቅም። የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር በራሱ ይጮሃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሚያልፍ ውሻ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ መስጠት ምን ይባላል? ከከተማችን ወዲያ ያለው ጫካ፣ የዛሬው ብሔራዊ ፓርክ፣ የድሮ ስሙ ደንቆሮ ነው እንጂ እኛስ ጆሮ አለን!

«ታዲያ ድምፁ አይሰማም፣ ምን እናድርግ?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሞንታርቦ አይደለም። ኔትወርክ ሲደክም ቃል ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠ ቃል ቢጎላ ተቆራርጦ ይጎላል እንጂ አይጠገንም። ደግሞም ስፒከሩ በጮኸ ቁጥር ማይኩ የራሱን ጩኸት መልሶ ይይዛል። ተናጋሪው የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ይሰማል፤ ስልኩም በስፒከር ላይ ከሆነ ድምፁ ሲዞር ሲዞር ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። ካሜራው ይህን ማጥፊያ ዘዴ ቢኖረው እንኳ የተሠራው ለራሱ ትንሽ ስፒከር ነው፤ በውጭ ለተቀጠለ ሞንታርቦ አይደለም። ይልቅ ካሜራውን ከጣሪያ ጫፍ አውርዳችሁ ወደ በሩ አቅርቡት። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ። በየተራ ብቻ የሚያነጋግር ዓይነት ከሆነም ተናግሮ መልቀቅ፣ ከዚያ ማዳመጥ ነው፤ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ሲጮሁ ማንም ማንንም አይሰማም። እናታችን ጆሯቸው ከብዷል የሚል ስፒከሩን እሳቸው ካሉበት ክፍል ያስገባ። መንገደኛው ምን አደረገ?

ከጩኸቱ የባሰ ግን ጆሮው ነው። ይህ መሣሪያ ይናገራል ብቻ ሳይሆን ይሰማል። የማይኩን መጠን እስከ ጥግ የገፋ ሰው የጎረቤቱን የቡና ወሬ፣ የባልና የሚስት ክርክር፣ ተከራይዋ ልጅ ለእናቷ ስልክ ደውላ የምታለቅሰውን ሁሉ ባሕር አሻግሮ ይሰማል። ፈቃድ የሰጠው ማነው? አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ጓዳ የሚያዳምጥ ሰው ብናገኝ ዝም እንል ነበር?

በገዛ ግቢዬ ምን አገባችሁ ለሚለን ደግሞ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከጢስና ከመጥፎ ሽታ ጋር ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸትንም ለይቶ ጠርቷል። እኛ ግን በሰፈር የሚያልቅን ነገር ፍርድ ቤት ማድረስ አንወድም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ካሜራ ባሕር ማዶ ላለው ጌታው ምን ሊነግረው ይችል ነበር? ያን ጊዜ በር የሚያይ ጎረቤት ነው። ዛሬ በሞንታርቦ «ራቅ በል» የሚባለውም ያው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ወደ መንገድ የዞረ ስፒከር ሁሉ ይውረድ። የካሜራው የራሱ ድምፅ በሩን ላንኳኳ ሰው የሚበቃ ያህል ይሁን፤ በራሱ የሚጮኸው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት ይዘጋ፤ ማይኩም የሚጠራ ሰው ሲኖር ብቻ ይከፈት። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችንም ስትናገሩ መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ፣ ሰላምታ አስቀድሙ፣ ከዚያ ጠይቁ። ከአጥር ላይ ለማውረድ መሰላል የሌለው ሰው የማኅበሩ ድንኳን ከሚቀመጥበት ክፍል ይውሰድ፤ ሲጨርስ ይመልስ።