የቺካጎን ገና በቃላችን እናውቃለን፤ የቤተ ልሔሙንስ?

መቼም እኛ የከተማ ልጆች የኬቨንን ቤት ከጎረቤታችን ቤት በላይ እናውቀዋለን። ደረጃው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የቀለም ቆርቆሮው ከየት እንደሚወረወር፣ ሌቦቹ በየትኛው በር እንደሚገቡ ብትጠይቁን አንሳሳትም። «ሆም አሎን» እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ፊልም ነው። እኛ ዘንድ በቪዲዮ ካሴት ደረሰ፣ በሲዲ ተባዛ፣ በመጨረሻም ገና በመጣ ቁጥር የሚከፈት የቤተሰብ ነገር ሆነ። እኛ የምናውቀው በረዶ በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ገና ሲባል ግን በዓይናችን የሚመጣው ነጩ የቺካጎ በረዶ ነው። በየካፌው በር ጥጥ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ዛፍ በዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ሲቆምም አይደንቀንም።

ይህን የምንለው ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም። ፈረንጅማ የራሱን ልጅነት ቀረጸ። የእኛን ማን ይቅረጸው ነው ጥያቄው።

እዚህ አገር ብዙም ያልታየ ሌላ ፊልም አለ፤ «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ። ጂን ሼፐርድ የሚባል ደራሲ በኢንዲያና ያሳለፈውን ልጅነት መነሻ አድርጎ የጻፈውን፣ ቦብ ክላርክ የሚባል ዳይሬክተር ሠራው። ታሪኩ ቀላል ነው። ራልፊ የሚባል ልጅ ለገና የአየር ጠመንጃ እንዲገዛለት ይመኛል። እናቱ «ዓይንህን ታጠፋበታለህ» ትለዋለች፣ አስተማሪዋም እንደዚያው፣ ሌላው ቀርቶ የገና አባት ተብዬውም እንደዚያው። በቃ፣ ይኸው ነው ፊልሙ። ግን አሜሪካኖች ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገና ሰሞን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ እየደጋገሙ በቴሌቪዥን ያሳዩታል። የተቀረጸበት የክሊቭላንድ ቤት ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል።

ለምን ይህን ያህል ወደዱት? እኛ እንደሚመስለን፣ ስላልዋሸ ነው። አባትየው ከቤቱ ማሞቂያ ጋር ሲታገል አፉን ሞልቶ ይሳደባል። አክስት የላከችው ስጦታ ልጁን የሚያሳፍር የጥንቸል ልብስ ነው። ለበዓሉ የተጠበሰውን ዶሮ የሚያህል ነገር (ተርኪ ይሉታል) የጎረቤት ውሾች ገብተው ይበሉታል፤ ቤተሰቡም በገና ቀን ቻይና ምግብ ቤት ይሄዳል። በዓሉ ተበላሽቶ ነው ያማረው። ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው እንዲህ ነውና ያየ ሁሉ «የእኛ ቤት!» ይላል።

አሁን የእኛን የበዓል ፕሮግራም አስቡት። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተደርድሯል፣ አርቲስቱ ጥበብ ለብሶ ተቀምጧል። «የልጅነት ገና እንዴት ነበር?» ይባላል። «ኧረ ተይው!» ይላል፣ ይሳቃል፣ «ያኔማ ፍቅር ነበር፣ መተሳሰብ ነበር» ይቀጥላል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። አዲስ ልብስ ሳይገዛለት የቀረው ልጅ የት ሄደ? በዓሉን ከብት ሲጠብቅ የዋለውስ? በግ የሚገዛበት ብር ጠፍቶ ባልና ሚስት ሌሊቱን ሲጨቃጨቁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሰማውስ? ናፍቆት እውነቱን ሁሉ ከተነጠቀ የሚቀረው ማስታወቂያ ነው።

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። የኢትዮጵያን ገና በተመለከተ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ሥራ የቱ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝ ዘፋኞችን ሰብስበው ያወጡት ዘፈን ነው። ከኮረም የወጣውን የቢቢሲ ዘገባ ያየው ጌልዶፍ ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ያደረገው በመሆኑ ዓላማውን አንነቅፍም። ግን ዘፈኑ የሚጠይቀው ጥያቄ እነዚያ ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ነው! ያን ጊዜ እኛ ዘንድ 1977 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት ነበር፤ ኅዳር 15 ገብቶ የገና ዕለት የሚፈታው ጾም። ያ ዘፈን ሬዲዮ ላይ ሲጮህ፣ በጋይንት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የበዓሉን ዜማ ከነምልክቱ በቃሉ እያጠና ነበር ብንል የሚከራከረን አይኖርም።

ጋይንት ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የሚባል ደብር አለ። አዎ፣ ስሙ እንደዚያው ነው። ከውጭ ሲያዩት የተለመደ ክብ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይዟል። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ደርሶበት ለውጭው ዓለም አስተዋወቀው፤ ለእኛ ሊቃውንት ግን ድሮም የጠፋ ቦታ አልነበረም። ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ ማስመስከሪያ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ ድጓን ጨርሶ «መምህር ነህ» መባል የፈለገ ግን ቤተ ልሔም ይደርሳል። የዜማው ስልት እንኳ «ቤተ ልሔም» ተብሎ በስፍራው ስም ይጠራል።

እንግዲህ ፊልም ሠሪ ወዳጆቻችን ስሙን። ስሙ ቤተ ልሔም፣ ጊዜው ታኅሣሥ፣ ባለታሪኩ ከእናቱ ተለይቶ የመጣ የቆሎ ተማሪ። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ? ሰው ሠራሽ በረዶ አያስፈልግም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ከዚያ ወዲህ ነው፣ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይበቃል። ቀን ላይ አውድማው ላይ እህል ይወቃል፣ ገለባው ይነፋል። የልጁ ልብስ ደበሎ ነው፤ የሚይዘው አኮፋዳና ዱላ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲቆም ውሻው ሰንሰለት የለውም። የኔታ ቁጡ ናቸው። ይህን ማሳየት ስድብ አይደለም፤ የኔታን የሚያከብር ፊልም አለንጋቸውንም ማሳየት አለበት።

የአየር ጠመንጃውስ? እሱም አለ። ገና ሲቃረብ እረኞች ቆልማማ እንጨት ፍለጋ ጫካ ለጫካ ይዞራሉ። ጥሩ የወይራ ቆልማማ ያገኘ ልጅ ይቀናበታል። ሩሩ ይበጃል፣ ሜዳው ይመረጣል፣ በበዓሉ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወገን ሆነው ሩር ይለጋሉ። በዚያ ሜዳ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ የተገላመጠ ልጅ በዚያች ቀን የባለርስቱን ልጅ ቅልጥም ቢያገኘውም ጨዋታ ነው። የእኛ ራልፊ የሚመኘው ያንን ዱላ ነው። ትልልቆቹ ሁሉ «እግርህን ይሰብሩሃል!» ይሉታል፤ ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ስንቱ አነከሰ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሕፃን፣ ዓይኑ እየተከደነ፣ እናቱ ርቃ፣ የሰው ዳቦ በአኮፋዳው ይዞ ያንን ሜዳ ከዳር ሆኖ ሲያይ... እኛ ትኬቱን ከአሁኑ ገዝተናል።

«ይህን ማን ያያል?» የሚሉን አሉ። የከተማ ወጣት የሚፈልገው የፍቅር ኮሜዲ ነው ይሉናል። ያሬድ ዘለቀ «ዳንግሌ»ን (ፈረንጆቹ «ላም» ያሉትን፣ ማለትም ጠቦቱን) ሲሠራ ይህንኑ ሳይሉት አልቀሩም ብለን እንገምታለን። አንድ ልጅ፣ አንዲት በግ፣ ለመጪው በዓል ትታረድ የሚል አጎት። ይህችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ሄደ፤ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ የቀረበ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ኃይሌ ገሪማም በ«ጤዛ» የጎንደርን ልጅነት ከአብዮቱ ጋር አጋጭቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ፣ በዓመቱ ደግሞ ከፌስፓኮ ተሸልሞ ተመልሷል። ችግሩ ታሪክ ማጣት አይደለም። እኛ ገንዘቡም ዋናው ችግር አይመስለንም፤ አንድ በግና አንድ ልጅ ስንት ያስወጣሉ?

ይልቅ የሚያስፈራን ጊዜው ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። በ2015 ክረምት ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ያኔ ሰባት ዓመት የሆነው የላይ ጋይንት ልጅ የ2014ን ገና እንዴት እንዳሳለፈ የሚጠይቀው ሰው ይኖር ይሆን? የእሱ ትዝታ ከዳቦው ሽታ ጋር የተኩስ ድምፅም አለበት። ናፍቆት ያለው ፊልም ሲሠራ ያንን ቆርጦ የሚጥል ከሆነ፣ የበዓል ፕሮግራሙ ይበቃናል። ደበሎ ለብሰው የተማሩት ሽማግሌዎችም ቢሆኑ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ካሜራ ይዞ ጋይንት መውረድ ለጊዜው ለማንም ቀላል አይደለም፤ ይገባናል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የመጣ አጎት የሌለው ማነው? ለበዓሉ ጎራ የምትሉ ስልካችሁን ከዶሮ ወጡ ላይ አንሱና ወደ እሳቸው አዙሩት። «ያኔ ፍቅር ነበር ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። «የገና ዱላዎን ማን ቆረጠልዎት?» በሉና ጀምሩ።